መቆም የሚያውቅ ስክሪፕት፦ አስተማማኝ የሼል ስክሪፕት አጻጻፍ በድሬዳዋ

የሼል ስክሪፕት ሰው በእጁ እየጻፈ ለኮምፒውተር የሚሰጣቸውን ትእዛዞች በአንድ ፋይል ሰብስቦ በተርታ የሚያስፈጽም አጭር ፕሮግራም ነው። የሊኑክስ ሰርቨር ባለበት መሥሪያ ቤት የሌሊቱን መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጀው፣ የደመወዝ ፋይል ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው የሚያሻግረው፣ ያረጁ ሰነዶችን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች የጭነትና የንግድ ከተማ ናት፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፍቶባታል። በእንዲህ ያለ ከተማ የዕቃና የሰው ስም ዝርዝር ማለቂያ የለውም፤ የሚጻፈውም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ነው። ትእዛዞቹን ተቀብሎ ለሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ለሼል፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያውን የዩኒክስ ሼል ኬን ቶምሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ጻፈ። የስቲቨን ቦርን ሼል በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ወጣ፤ ብራያን ፎክስ የጻፈው ባሽ በ1989 ተከተለ። ሦስቱም ከፊታቸው ሰው ተቀምጦ ትእዛዝ ሲሰጣቸው ይሠራሉ። አንዱ ትእዛዝ ሲከሽፍ ሰውየው የስህተቱን መልእክት አንብቦ እጁን ይሰበስባል። ስክሪፕት ግን ሌሊት ብቻውን ይሠራል፤ ሦስተኛው መስመር ቢከሽፍም አራተኛውን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። «ወደዚህ ማህደር ግባ፤ ከዚያ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፋ» የሚሉ ሁለት መስመሮችን እናስብ። ማህደሩ ከሌለ የመጀመሪያው ይከሽፋል፤ ሁለተኛው ግን ስክሪፕቱ በቆመበት ቦታ ያገኘውን ሁሉ ይጠርጋል። የአስተማማኝ ስክሪፕት ጥበብ በአብዛኛው ስክሪፕቱን መቆም ማስተማር ነው።

ለዚህ ባሽ ሦስት የታወቁ አማራጮች አሉት፤ ሦስቱም በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ይጻፋሉ። «ኢ» የሚባለው አንድ ትእዛዝ ሲከሽፍ ስክሪፕቱን ያቆማል። «ዩ» የሚባለው ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ (ስክሪፕቱ ዋጋ የሚያስቀምጥበት ስም) ሲጠራ ያቆማል። ሦስተኛው «ፓይፕፌይል» ነው፤ በፓይፕ፣ ማለትም የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ በሚሰጥ ማገናኛ፣ ከተያያዙ ትእዛዞች አንዱ ሲከሽፍ ሰንሰለቱን በሙሉ እንደከሸፈ ይቆጥራል፤ ከሦስቱ ይበልጥ የሚዘነጋውም እርሱ ይመስለኛል። የውሂብ ጎታን ገልብጦ ወደ ማመቂያ ፕሮግራም በፓይፕ የሚያስተላልፍ የመጠባበቂያ ስክሪፕት በየቦታው አለ። ሼል ለእንዲህ ያለው ሰንሰለት የሚመዘግበው የመጨረሻውን ትእዛዝ የመውጫ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል ማለት ነው። የውሂብ ጎታው የይለፍ ቃል ተቀይሮ ግልበጣው ቢከሽፍ እንኳ ማመቂያው ባዶውን ተቀብሎ ያምቅና ዜሮ ይመልሳል። በየሌሊቱ ትክክለኛ ስምና ቀን ያለው፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለበት ፋይል ይቀመጣል። ይህ የሚታወቀው ቅጂው በሚያስፈልግበት ቀን ነው። ስለዚህ ፓይፕፌይልን ማብራት ብቻ አይበቃም፤ የፋይሉን መጠን መፈተሽ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜም ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ መልሶ ጭኖ ማየት ግዴታ ነው።

«ኢ»ም ቢሆን ሁሉን አያይም። በቅድመ ሁኔታ ውስጥ የተጠራ ትእዛዝ ሲከሽፍ ዝም ይላል። ተለዋዋጭ ለአንድ ተግባር ብቻ ሲታወጅ በዚያው መስመር ላይ የትእዛዝ ውጤት ከተሰጠውም የትእዛዙ ክሽፈት ይሸፈናል፤ ማወጁንና ዋጋ መስጠቱን በሁለት መስመር መለየት መፍትሔው ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «የመጋቢት ደመወዝ» የሚል ፋይል ብታስቀምጥ ምንም አላጠፋችም። ሼል ግን ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያልገባን ተለዋዋጭ ክፍት ቦታ ባገኘ ቁጥር ይቆራርጠዋል። ይህን ፋይል እንዲያጠፋ የታዘዘ ስክሪፕት «የመጋቢት» እና «ደመወዝ» የሚሉ ሁለት ፋይሎችን ይፈልጋል፤ በዚያው ማህደር «ደመወዝ» የሚባል ሌላ ፋይል ካለ የሚጠፋው እርሱ ነው። ተለዋዋጭን ሁልጊዜ በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ማቀፍ ይህን ይከላከላል። በሰረዝ የሚጀምር የፋይል ስም ደግሞ እንደ አማራጭ ይነበባል፤ ከስሙ በፊት ድርብ ሰረዝ ማስገባት «ከዚህ በኋላ አማራጭ የለም» ማለት ነው።

ድሬዳዋ ላይ የሚጨመረው የነጠላ ጥቅስ ጉዳይ ነው። በቁቤ አጻጻፍ «ሁዳ» የተባለው ምልክት በፊደላት መካከል የሚገባ ነጠላ ጥቅስ ነው፤ ሶማልኛም በላቲን ሲጻፍ ተመሳሳይ ምልክት ይጠቀማል። ለሼል ነጠላ ጥቅስ የጽሑፍ መክፈቻና መዝጊያ ነው። የስም ዝርዝር ተቀብሎ ለሌላ ትእዛዝ የሚያከፋፍለው «ኤክስአርግስ» ያልተዘጋ ጥቅስ ሲያገኝ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። «ኢቫል» የተባለው ትእዛዝ ከዚህም ይብሳል፤ የተሰጠውን ጽሑፍ እንደ ፕሮግራም ስለሚያነበው፣ ከውጭ በመጣ ስም ውስጥ የተሸሸገ ትእዛዝ እንዲፈጸም በር ይከፍታል። ከደንበኛ፣ ከቅጽ ወይም ከፋይል የመጣ ጽሑፍ ፈጽሞ ለኢቫል መሰጠት የለበትም። ፋይሎችን ለማከፋፈል ፋይል ፈላጊው «ፋይንድ» እና «ኤክስአርግስ» ስሞቹን በባዶ ባይት እንዲለዩ ይደረጋል፤ በሊኑክስ የፋይል ስም ውስጥ ፈጽሞ ሊገቡ የማይችሉት ባዶው ባይትና የማህደር መለያው ዘንባይ መስመር ብቻ ናቸው። የሰውን ስም ከምልክቱ አራቁቶ ለማሽን እንዲመች ማድረግ ግን መፍትሔ አይደለም። ስሙ የባለቤቱ ነው፤ መታረም ያለበት ስክሪፕቱ ነው።

የግዕዝ ፊደል ጽሑፍን በባይት በሚያስቀምጠው ደንብ፣ በዩቲኤፍ 8፣ ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል። በተለመዱት የሊኑክስ የፋይል ሥርዓቶች አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት ስለማይበልጥ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ስም 85 ፊደል ላይ ያበቃል፤ ስምን በባይት ቆጥሮ የሚያሳጥር ስክሪፕትም ፊደሉን መሃል ላይ ሊበጥሰው ይችላል። «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ ስክሪፕት «ጸሃይ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም።

ማጥፋት የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በምብልቢ የተባለው የሊኑክስ ሶፍትዌር መጫኛ ስክሪፕት ውስጥ አንድ የተረፈ ክፍት ቦታ የዋናውን የፕሮግራሞች ማህደር ለብቻው ነጥሎ አስጠፋ። በ2015 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ስቲም የተባለው የጨዋታ ሶፍትዌር ስክሪፕት የማህደሩን ስም የያዘው ተለዋዋጭ ባዶ ሆኖበት ከሥሩ ጀምሮ የተጠቃሚውን ፋይሎች እንደሚጠርግ ተደረሰበት። እዚህ ላይ «ዩ» አያድንም፤ ተለዋዋጩ ዋጋ ተሰጥቶታል፣ ዋጋው ግን ባዶ ነው። ባሽ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ከተለዋዋጩ ስም ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:) እና የጥያቄ ምልክት (?) ሲጻፍለት ባዶውንም ይዞ ያቆማል። ማጥፊያ ትእዛዝ ያለበት መስመር ሁሉ ይህ ሊኖረው ይገባል።

ሰዓትና ቀንም አደገኛ ናቸው። ክሮን የተባለው ሥራን በቀጠሮ የሚያስጀምር ፕሮግራም ሥራን የሚያስነሳው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከ0 እስከ 23 በሚቆጠር ሰዓት ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሂድ» የተባለ ሥራ በ8 ከተመዘገበ የሚነሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ቢሮ ሲከፈትና ሁሉም ሰው ሰርቨሩ ላይ ሲረባረብ። መጻፍ የነበረበት 2 ነው። ሰርቨሩ ውጭ አገር ተከራይቶ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይቀነሳል፤ ያው ሥራ በ23 ይመዘገባል። የዓመተ ምሕረቱ ልዩነት ከዚህም የከፋ ጉዳት አለው። በ2017 ዓ.ም. የተቀመጠ ፋይል ስሙ ላይ 2017 ተብሎ ሲቀመጥ፣ «ከአምስት ዓመት በላይ የቆየውን አጥፋ» ተብሎ በጎርጎርዮስ ዓመት ለሚያሰላ ስክሪፕት ያረጀ ሆኖ ይታያል። ዕድሜን ከስም መገመት ትክክል አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት የትኛውን አቆጣጠር በፋይል ስም ላይ እንደሚጠቀም ወስኖ በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት፤ የኢትዮጵያን ከመረጠም ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጎ ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በዚህ ቅደም ተከተል መጻፍ ተርታውን ይጠብቃል።

መብራት ሲጠፋ ስክሪፕት መሃል ላይ ይቋረጣል። «ትራፕ» የተባለው የማጽጃ ትእዛዝ ሰው ሲያቋርጠው ወይም ስህተት ሲያቆመው ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ምንም የሚሠራ የለም። ስለዚህ ውጤትን በቀጥታ በዋናው ፋይል ላይ መጻፍ አይገባም፤ በዚያው ዲስክ በጊዜያዊ ፋይል ተጽፎ፣ ተረጋግጦ፣ በመጨረሻ ስሙ ይቀየራል። አንድ ስክሪፕት በአንድ ጊዜ ሁለት ሆኖ እንዳይሄድ «እየሠራሁ ነው» የሚል ምልክት ፋይል የሚያስቀምጥ ስክሪፕት ከመብራት መጥፋት በኋላ ምልክቱን ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በየሌሊቱ «ሌላ እየሠራ ነው» እያለ ይመለሳል። ፋይል የሚቆልፈው «ኤፍሎክ» ይህ ችግር የለበትም፤ ሥራው ሲሞት ቁልፉን የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ይፈታዋል። የኢንተርኔት መቆራረጥም ተመሳሳይ ነው፤ ከድረ ገጽ እየወረደ በቀጥታ ለባሽ የሚተላለፍ ስክሪፕት ግማሹ ብቻ ደርሶ ሊፈጸም ይችላል። አውርዶ፣ አንብቦ፣ ከዚያ ማስኬድ ይሻላል።

የይለፍ ቃል በትእዛዝ መስመር ላይ አይጻፍም፤ እየሄዱ ያሉ ሥራዎችን የሚዘረዝር ማንኛውም የሰርቨሩ ተጠቃሚ ሊያየው ይችላል። ባለቤቱ ብቻ በሚያነበው ፋይል ይቀመጥ። ሥልጣን የማይጠይቅን ሥራ በዋናው አስተዳዳሪ ስም ማስኬድም አያስፈልግም። ባሽ ራሱ ስህተት ሊኖርበት እንደሚችል በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሼልሾክ አሳይቷል፤ ከውጭ በመጣ የአካባቢ ተለዋዋጭ (አንድ ፕሮግራም ለሚያስነሳው ሌላ ፕሮግራም የሚያወርሰው ዋጋ) ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ይፈጽም ነበር። ማዘመን የሥራው አካል ነው።

መጠባበቂያ ቅጂው የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ድሬዳዋ ውስጥ መልስ የሚያሻው ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ዋናውና ቅጂው በአንድ ሕንፃ ከሆኑ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ስክሪፕቱ አንዱን ቅጂ ከከተማው ውጭ መላክ አለበት።

ለመፈተሽ ቪዳር ሆለን የጻፈው ሼልቼክ በነፃ ይገኛል፤ ያልታቀፈ ተለዋዋጭንና ያልተፈተሸ የማህደር ለውጥን መስመር ጠቅሶ ያሳያል። በዊንዶውስ የተጻፈ ስክሪፕት በየመስመሩ ጫፍ የሚተወውን የማይታይ ምልክትም ያጋልጣል። ከ100 መስመር ያለፈ ወይም የተወሳሰበ የውሳኔ ፍሰት ያለበትን ሥራ ግን ጎግል ለመሐንዲሶቹ ባወጣው መመሪያ ላይ እንደሚለው ወደ ሌላ ቋንቋ፣ ለምሳሌ ወደ ፓይተን፣ ማዛወር ይገባል።