በኢንዶስኮፒ ወቅት የታካሚን ትንፋሽ መጠበቅ

ኢንዶስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ በኩል ወደ ጨጓራ፣ ወይም በፊንጢጣ በኩል ወደ ትልቁ አንጀት አስገብቶ ውስጡን የማየት ምርመራ ነው። ታካሚው ሕመሙና ጭንቀቱ እንዳይሰማው ብዙ ጊዜ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ሚዳዞላም ከፈንታኒል ወይም ከፔቲዲን ጋር፣ አለዚያም ፕሮፖፎል። ይህ እንደ ቀዶ ሕክምና ሙሉ ማደንዘዣ አይደለም፤ መተንፈሻ ቱቦ አይገባለትም፣ የሚተነፍሰውም በራሱ ነው። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

መድኃኒቶቹ አንጎል ለትንፋሽ የሚሰጠውን ትእዛዝ ያዳክማሉ፣ የጉሮሮን ጡንቻዎችም ያላላሉ። ምላስ ወደ ኋላ ሲወድቅ የአየር መንገዱ ይጠባል ወይም ይዘጋል። ከመጠን በላይ የወፈሩ፣ አረጋውያን፣ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ በእንቅልፍ ላይ የሚያንኮራፉና ትንፋሻቸው የሚቆራረጥ ሰዎች ቀድመው ይጎዳሉ። ማንኮራፋትን ከምርመራው በፊት ለሐኪም መናገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስን መረጃ ነው።

ጣት ላይ የሚሰካውና በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን በመቶኛ የሚያሳየው ፐልስ ኦክሲሜትር የተወለደው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 ካቀረበው ሐሳብ ነው። ንባቡ ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ አፋጣኝ እርምጃ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ወዲያ የኦክሲጅኑ መጠን የሚያሽቆለቁለው በፍጥነት ነውና። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በአፍንጫ ቱቦ ኦክሲጅን አስቀድሞ መስጠት ይበልጥ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ኦክሲጅን መስጠት ሌላ ጣጣ አለው። ሳንባው በኦክሲጅን የተሞላ ታካሚ መተንፈስ ቢያቆም እንኳ ማያው ለጥቂት ጊዜ 98 እያለ ይቆያል። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ችግሩ ቀድሞ ደርሷል። የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፊ ግን የትንፋሽን መቆም ወዲያው ያሳያል። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ክትትል በመመዘኛው ውስጥ አስገብቷል። መሣሪያው በሌለበት ክፍል የደረትን መነሣት የሚያይ፣ ትንፋሽን በማዳመጫ የሚከታተል፣ ከዚህ ሌላ ሥራ የማይሰጠው አንድ ባለሙያ የግድ መኖር አለበት። ቱቦውን የሚያንቀሳቅሰው ሐኪም ዓይኑ ጨጓራው ላይ ስለሆነ ይህን ሥራ ደርቦ ሊይዝ አይችልም።

ለእኛ አንባቢዎች የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ኦክሲሜትር የኦክሲጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት አጋጣሚ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮች ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ጥቁር የጥፍር ቀለምና የቀዘቀዘ ጣትም ንባቡን ሊያሳስቱ ይችላሉ።

ትንፋሽ ሲዳከም መድኃኒቱ ይቆማል፣ ታካሚው ይቀሰቀሳል፣ አገጩ ወይም መንጋጋው ወደ ላይ ይነሣል፣ ኦክሲጅኑ ይጨመራል። ካልተሻለው የምርመራው ቱቦ ወጥቶ በጭንብልና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ይሰጠዋል። ናሎክሶን የፈንታኒልንና የፔቲዲንን፣ ፍሉማዜኒል የሚዳዞላምን ኃይል ይሽራሉ፤ ለፕሮፖፎል ግን ማርከሻ የለውም። ማርከሻዎቹም ከመድኃኒቱ ቀድመው ሊያልቁ ስለሚችሉ፣ የነቃ ታካሚ ተመልሶ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ በማገገሚያ ክፍል ኦክሲሜትሩ ከጣቱ ሳይነሣ ክትትሉ የሚቀጥለው ለዚህ ነው።