የጎንደር ዳገትና የሰው ትንፋሽ

ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣውን ዳገት በእግሩ የሞከረ ሰው የሰውነትን አሠራር በገዛ ራሱ ላይ ያያል። ገና ሳያጋምሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል። ልቡ ድው ድው ይላል። ቆም ብሎ ሁለት ጣቱን ከአውራ ጣቱ ግርጌ፣ አንጓው ላይ ቢያሳርፍ የደም ሥሩ ሲመታ ይሰማዋል። ያረፈ አዋቂ ሰው ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው፤ ዳገት ላይ ግን ከዚያ ያልፋል።

ነገሩ ከጡንቻ ይጀምራል። የሚሠራ ጡንቻ ኦክስጅን ይፈጃል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል። የአንጎል ግንድ ከጡንቻውም ከደሙም መልእክት ይደርሰውና ትንፋሽን ያፋጥናል። ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ስለሆነ ኦክስጅን ወደ ደም ይሻገርበታል። ልብ ደግሞ ስናርፍ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ የሚረጨውን ደም ሦስትና አራት እጥፍ ያደርሰዋል። ያኔ ጡንቻ ደሙን ይሻማል፤ የሆድ ዕቃ ድርሻ ይቀንሳል። ጥግብ ብሎ በልቶ ዳገት መውጣት የሚከብደው አንድም በዚህ ነው።

ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር የጤና መኮንኖችን ያሠለጥን ነበር። የሰውነት አሠራር ትምህርት በከተማዋ የቆየ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኦክስጅን ድርሻ እዚህም ቆላም ያው 21 በመቶ ነው። የሚያንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከመተማ ቆላ የመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። ሰነባብቶ ይለምዳል። እዚህ ላይ ኩላሊት ይገባበታል። ሽንት ማጣሪያ ብቻ እያልን እንበድለዋለን እንጂ ኦክስጅን ሲያንስ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን የሚለቅ እሱ ነው። በዚያ ሆርሞን የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሴል ያበዛል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሰሜን ተራሮች ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። የደቡብ አሜሪካው አንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከፍ ይላል። የቲቤቶቹ ያን ያህል ባይጨምርም በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት፣ ማለትም ኦክስጅን የያዘው ሄሞግሎቢን ድርሻ፣ ዝቅ ይላል። የኛዎቹ ግን ሄሞግሎቢናቸው እንደ ቆላ ሰው፣ ሙሌታቸውም በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ ይህ በዓይን ይታያል። እንግዳው በየሃያ እርምጃው ይቆማል። የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ግን ኮንጎ ጫማውን ተጫምቶ፣ ጠመንጃውን በትከሻው አጋድሞ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ይወጣል።