የስኳር ህሙማን ትምህርትና የደም ስኳር ቁጥጥር በወሎ

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን የሚያገኘው በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። በተቀረው ጊዜ መርፌውን የሚወጋው፣ እንጀራውን የሚቆርሰው፣ እግሩን አጥቦ የሚያየው ራሱ ነው። ትምህርቱ የሕክምናው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ በሥርዓት የተሰጠ ትምህርት የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ፣ ማለትም ሂሞግሎቢን ኤዋንሲን፣ በግማሽ ነጥብ ገደማ ዝቅ ያደርጋል። ትምህርቱ በድምሩ ከ10 ሰዓት ሲያልፍ ውጤቱ ይጨምራል፤ ካልተደገመ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ግማሽ ነጥብ ትንሽ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ለዓመታት የተካሄደ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤዋንሲ በ1 ነጥብ ዝቅ ባለ ቁጥር በዓይን፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በ37 በመቶ ያነሰ ነበር።

በወሎ ክትትሉ የሚካሄደው በደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በቦሩ ሜዳ፣ በወልድያና በሌሎች ሆስፒታሎች እንዲሁም በጤና ጣቢያዎች ነው። የተለመደው አካሄድ በቀጠሮ ቀን ጠዋት፣ ታካሚው ወረፋ እየጠበቀ ሳለ ነርሷ ቆማ ለሁሉም በጋራ ማስተማር ነው። ይህ ከምንም ይሻላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከሩቅ ወረዳ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ጆሮው የሚቆመው ስሙ በሚጠራበት በር ላይ ነው።

የሚሠራው መንገድ ማስደገም ነው። «ገብቶዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ «አዎ» ይላል፤ ነውር ይመስለዋልና። «እናቴ፣ ቤት ሲገቡ ይህን ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ሲባሉ ግን የጎደለው ይታያል። መርፌ ከሆነ ደግሞ በቃል ሳይሆን በእጅ ነው፤ ታካሚው እዚያው ቀድቶ፣ መስመሩን አሳይቶ መሄድ አለበት። በከሚሴ አካባቢ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው በአማርኛ ብቻ ሲነገረው፣ አብሮት የመጣው ልጅ የሚያስተረጉመው ግማሹን ነው። ያኔ ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ መጥራት፣ ካልተገኘም ለአዋቂ ቤተሰብ አስተምሮ ማስደገም ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው

ለአብዛኛው አዋቂ ግቡ በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ምግብ ከተጀመረ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው፤ ኤዋንሲ ከ7 በመቶ በታች። 7 በመቶ ማለት በቀን በቀን ሲሰላ አማካዩ 154 ገደማ ነው። ለሸመገሉ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው ወይም ስኳር ቶሎ ቶሎ ለሚወርድባቸው ግቡ ይላላል፤ እስከ 8 በመቶ መተው ጥበብ እንጂ ቸልተኝነት አይደለም።

አንዳንድ መለኪያ ግን የሚያወጣው ቁጥር በሌላ መስፈሪያ፣ በሚሊሞል ነው። «7» ያየ ታካሚ ስኳሬ ጠፍቷል ብሎ ሊደነግጥ ወይም ሊደሰት ይችላል፤ በ18 ሲባዛ 126 መሆኑን መንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ባለሙያው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ቀጠሮ ሲቃረብ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ቀንሶ፣ ጣፋጭ ትቶ መምጣት የተለመደ ነው። የባዶ ሆዱ ቁጥር ያምራል፤ ሦስት ወሩ ግን አላማረም። ኤዋንሲ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ታካሚውን መቆጣት አያዋጣም፤ የተቆጡት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ጨርሶ ይደብቃል። ደም ያነሰው ሰው ላይ ኤዋንሲም ሊያሳስት ስለሚችል ሁለቱ አብረው ይነበባሉ።

ቤት ውስጥ መለኪያ ያለው ሰው መጀመሪያ እጁን በውሃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ አለበት። ሙዝ የላጠ ወይም ስኳር የነካ ጣት ውሸት ቁጥር ይሰጣል። የሚወጋው የጣት ጎን እንጂ መሐሉ አይደለም፤ ጎኑ ላይ ሕመሙ ያንሳል። ስትሪፑ፣ ማለትም ደም የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ፣ የዕቃው ክዳን ተገጥሞ ይቀመጥ፤ በወረኢሉ ወይም በደላንታ ብርድ ሌሊቱን ያደረ መለኪያ ጠዋት ስህተት ሊያሳይ ስለሚችል ጥቂት ይሙቅ። ስትሪፕ ውድ ነው። በሳምንት አራት ብቻ ላለው፣ ሁለቱን በባዶ ሆድ፣ ሁለቱን ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ በተለያየ ቀን መጠቀም፣ አራቱንም ጠዋት ከመጨረስ የበለጠ ይነግረዋል።

ኢንሱሊን፦ ብዙው ስህተት ያለበት ቦታ

የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊሊትር ነው፤ በእያንዳንዱ ሚሊሊትር 100 ዩኒት፣ በጠቅላላው 1,000 ዩኒት ይዟል። የ1 ሚሊሊትሩ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመሩ 2 ዩኒት ነው፤ የግማሽ ሚሊሊትሩ ደግሞ 1 ዩኒት። «አሥር መስመር ውጉ» ተብሎ የተማረ ሰው ፋርማሲው ሌላ ዓይነት መርፌ በሰጠው ቀን ሳያውቀው መጠኑን እጥፍ ያደርጋል ወይም ግማሽ ያጎድላል። ስለዚህ የሚማረው መስመር ሳይሆን ዩኒት ነው፤ አዲስ መርፌ በተቀበለ ቁጥር ቁጥሩን በጣቱ ያሳይ። በተራ የ3 ሚሊሊትር መርፌ ኢንሱሊን መቅዳት ፈጽሞ አይገባም።

የደፈረሰው ኢንሱሊን፣ ማለትም ኤንፒኤች ወይም ቅልቅሉ፣ በሁለት መዳፍ መካከል ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይንከባለል እንጂ አይናጥ። ሁለት ዓይነት በአንድ መርፌ ሲቀዳ ንጹሑ፣ ማለትም ሬጉላሩ፣ ይቀድማል፣ የደፈረሰው ይከተላል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ንጹሑ ብልቃጥ ተበላሽቶ ይቀራል። ሬጉላሩና ቅልቅሉ የሚወጉት ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ነው። መርፌው ከገባ በኋላ እስከ 10 ተቆጥሮ ይወጣል። ቦታው ሆድ፣ ጭን፣ መቀመጫ ወይም የክንድ ጀርባ ይሁን፤ የዛሬው ከትናንቱ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። ያንኑ ቦታ ለወራት የወጋ ሰው ቆዳው ላይ ልስልስ እብጠት ያወጣል። እዚያ መውጋት ስለማያም ይመርጠዋል፤ መድኃኒቱ ግን ከእብጠቱ እንደ ልቡ አይወጣም፣ ስኳሩም ያለ ምክንያት ይዋዥቃል። ቁጥሩ አልገባ ሲል መጠን ከመጨመር በፊት ሸሚዝ ገልጦ ሆዱን መዳሰስ ይቀድማል።

ማስቀመጫው በወሎ እንደ አገሩ ይለያያል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ብቻ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል፤ ባቲና ቆቦ ደግሞ ቆላ ናቸው። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። የተከፈተው ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ አራት ሳምንት ይቆያል፤ በደጋው ጥላ ያለበት ቤት ይበቃዋል። በቆላው ፍሪጅ ለሌለው የሸክላ ማሰሮ ዘዴ አለ፦ ትንሹ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ይገባል፣ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል፣ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ውስጥ ተቀምጦ በእርጥብ ጨርቅ ይከደናል። ጥላና ነፋስ ባለበት ይቀመጥ። እንደ ፍሪጅ አያቀዘቅዝም፤ ግን ከቤቱ ሙቀት በርካታ ዲግሪ ያወርዳል። ፍሪጅ ያለውም ቢሆን ከበረዶ ቤቱ ያርቀው፤ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

በቀን 30 ዩኒት የሚወጋ ሰው ብልቃጡን በወር ገደማ ይጨርሰዋል። በቀን 16 ዩኒት የሚወጋው ግን ለሁለት ወር ይበቃኛል ብሎ ይይዘዋል፤ ከወሩ በኋላ ያለው ኃይሉ ላይ እምነት አይጣልም። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጽፎ መለጠፍ ትንሽ ሥራ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ።

ገበታ፣ ቡና፣ ጾም

«ስኳር አትብሉ» የሚል ትምህርት ጉዳዩን አያነሳውም። ዋናው ብዛቱ ነው፤ እንጀራ፣ የማሽላ ቂጣ፣ ገንፎ፣ በሶ፣ ዳቦ ሁሉም ደም ውስጥ ስኳር ይሆናሉ። በአንድ ገበታ ለሚበላ ቤተሰብ ግራም መቁጠር ዋጋ የለውም። የታማሚው ድርሻ ገና ሳይጀመር ለብቻ ይቆረስ፣ ጎመን ወይም ሌላ አትክልት የሰሃኑን ግማሽ ይያዝ፣ ወጡ ከምስር፣ ከሽሮ ወይም ከሥጋ ይሁን፣ እንጀራው ሩቡን። ጉርሻ ከድርሻው ላይ ይታሰብ።

ቡናውን እንመልከት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ስኒ ነው። በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በአንድ ቡና ስድስት ማንኪያ፣ 25 ግራም ገደማ ይጠጣል። ጠዋትና ማታ ሲሆን 50 ግራም። ለብዙ ሰው መድኃኒት ሳይጨመር የመጀመሪያውን ለውጥ የሚያመጣው ይህን መተው ነው፤ በጨው የሚጠጣ ደግሞ ግፊት ካለበት ጨውንም ይተው። በዱዓ ላይ ጫት የሚቅም የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ መርፌውን ወግቶ ሳይበላ ይውላል፣ አንዳንዱ በለስላሳ ያወራርዳል፤ ሁለቱም አደጋ ናቸው።

ወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጾሙን የሚያከብርበት አገር ነው። ጾም ከልክሎ መላክ ብዙውን ጊዜ በድብቅ ያጾማል። ረመዷን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በፊት፣ ዐቢይ ጾምም ከመግባቱ በፊት መማከር ይሻላል። መድኃኒቱ ሜትፎርሚን የሚባለው ክኒን ብቻ ለሆነ ሰው ነገሩ በአንጻራዊነት ቀላል ነው፤ ክኒኑ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ይዛወራል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ክኒን ግን ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ስለሚችል ይበልጥ ያሰጋል። ጠዋትና ማታ ኤንፒኤች የሚወጋ ሰው ሊጾም ከተፈቀደለት፣ የተለመደው ማስተካከያ የጠዋቱን መጠን በኢፍጣር፣ የማታውን ግማሽ ብቻ በሱሑር መውሰድ ነው፤ ይህም በሐኪም ነው የሚወሰነው። ጣት ወግቶ መለካት ጾም አይፈታም። ስኳር ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ግን ሰዓቱ ምንም ይሁን ጾሙ ይፈታል። በሁዳዴ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ለሚቆይ ባለ መርፌም ሕጉ ያው ነው። ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ስኳር ወርዶበት ራሱን የሳተ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ መጾም የለበትም፤ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኹ ይህን ከሐኪሙ ጋር ተስማምተው ሲነግሩት ይቀበላል።

ሲወርድና ሲወጣ

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ያለ ምክንያት ንዴት፣ ብዥታ የስኳር መውረድ ምልክቶች ናቸው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ይደገም፣ ከዚያ ምግብ። ቆሎ ለዚህ አይሆንም፤ ቶሎ አይደርስም። በአጨዳና በውቂያ ወቅት የጠዋቱ ኤንፒኤች ጉልበት የሚበረታው ረፋዱንና ቀትሩን፣ ምሳ ገና ማሳ ላይ ሳይደርስ ነውና ደቦ የሚወጣ ሰው ኪሱ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይያዝ። ራሱን የሳተ ሰው አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው፣ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጠዋል። ቤተሰብ ይህን ካልተማረ የመንፈስ ነገር ነው ብሎ ሌሊቱን ያሳድረዋል። በግሊቤንክላማይድ የወረደ ስኳር ከነቃ በኋላም ተመልሶ ስለሚወርድ ቶሎ ወደ ቤት አይሰደድም።

በሌላ በኩል ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ውሃ ጥም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ካለ ስኳሩ ከልክ በላይ ወጥቶ ደሙ አሲድ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በቆላው ወባ፣ በደጋው ጨጓራ ተብሎ ጊዜ ይባክናል። «ምግብ አልበላሁም» ብሎ ኢንሱሊን ማቆም ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስህተት ነው፤ የታመመ ሰው መርፌውን አያቆምም፣ ይለካል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። ጸበል መግባትም ሆነ ዱዓ ማስደረግ ከመርፌው ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም። መራራ ቅጠል ስኳርን ያጠፋል የሚባለው ግን ጣዕምን ከሥራ ጋር ማምታታት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈው መድኃኒት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በትምህርቱ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር አለ፦ የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒት ከተገኘ በተራ እየተቀያየረ ይቀመጥ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ዩኒቱና ሰዓቱ በአማርኛ ተጽፎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከካርዱ ተለይቶ ይያዝ። ሌላ ከተማ የደረሰ ተፈናቃይ ካርዱን ቢያጣ እንኳ ያንን ወረቀት አሳይቶ መርፌውን ቶሎ ሊያገኝ ይችላል።