የቀን ሠራተኛ በአዲስ አበባ የግንባታ ሳይቶች

የቀን ሠራተኛ የሚባለው በግንባታ ሳይት በቀን ሒሳብ እየተከፈለው አሸዋ፣ ጠጠርና ብሎኬት የሚያመላልስ፣ አርማታ የሚሞላ የጉልበት ሠራተኛ ነው። በአዲስ አበባ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሀዲያ። ሴቶችም አሉበት። የከተማዋ ፎቆች የወጡት በእነሱ ትከሻ ነው።

የሥራው ቋንቋ የጣሊያን ቅሪት አለበት፦ ፌሮ፣ አርማታ፣ ሶሌታ (የፎቅ ወለል)፣ ባሬላ (መሸከሚያ)፣ ካቦ (የሠራተኞች አለቃ)። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ሰው ወደ ሳይት አስገባ።

ዋናው ተቋራጭ የቀን ሠራተኛን በቀጥታ የሚቀጥረው ከስንት አንዴ ነው። ሥራውን ለንዑስ ተቋራጭ ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ ለካቦ። ካቦው የአገሩን ልጆች በስልክ ይጠራል። አዲስ መጪ እሱ ጋር ያርፋል፣ ወይ እዚያው ሳይት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያድራል። ዘመድ የሌለው በጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ ጠሪ ይጠብቃል። ካቦው ከቀን ሒሳቡ ላይ የራሱን ይቆርጣል ይባላል፤ ሁሉም ያደርገዋል ማለት ግን አይደለም።

ሰው በብዛት የሚፈለገው ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ነው። ሙሌት ከተጀመረ መሀል ላይ ማቆም አይቻልም፤ መጋጠሚያው ደካማ ይሆናል። ስለዚህ እስኪያልቅ ድረስ ይመሻል። በማግስቱ አብዛኛው ሰው «በቃ» ይባላል።

ሕጉ ይህን ሠራተኛ አልዘነጋውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በአዘቦት ቀን ከሌሊት ውጭ አንድ ተኩል፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ መስጠት አለበት። ይህ ባይሟላም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምም ተደንግጓል። ችግሩ «አሠሪህ ማነው?» ሲባል ነው። ሠራተኛው የሚያውቀው ካቦውን ብቻ ነው። ከእንጨት መወጣጫ ላይ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታከመው ጓደኞቹ አዋጥተው ነው።

ክረምት ሲገባ ዝናቡም የእርሻው ሥራም ሰዉን ይቀንሰዋል። ኅዳር ላይ ለአጨዳ የሚመለስ አለ። እህሉ ጎተራ ሲገባ ካቦው እንደገና ይደውላል።