የሴት እጅ ኳስ ተጫዋች ሕይወት፣ ከጎንደር ሆኖ ሲታይ

ጎንደር ላይ ኳስ ሲነሳ ወሬው ፋሲል ከነማ ነው። በ2013 ዓ.ም. ዐፄዎቹ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሱ ወዲህማ ሌላ ስፖርት የሚያነሳ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እጅ ኳስን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ደወል ሲደወል እዚያው ትተነው እንሄዳለን። አውሮፓ ውስጥ ግን እንጀራቸው እሱ የሆነ ብዙ ወጣት ሴቶች አሉ። በተለይ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ፈረንሳይ፣ ሃንጋሪና ሮማኒያ።

ሕጉ ቀላል ነው። ሜዳው 40 በ20 ሜትር፣ ቡድኑ ግብ ጠባቂዋን ጨምሮ 7 ሰው፣ ጨዋታው 30 ደቂቃ ሁለት ጊዜ። ኳስ ይዞ ከ3 እርምጃ በላይ መሄድ አይቻልም፣ ከ3 ሰከንድ በላይ ይዞ መቆምም እንዲሁ። ዋናው ነገር ግን የ6 ሜትሩ መስመር ነው። ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ወለል ከግብ ጠባቂዋ በቀር ማንም መርገጥ አይችልም፣ አየሩ ግን የማንም ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቿ ከመስመሩ ውጪ ተነስታ ትዘላለች፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ትወረውራለች፣ ከዚያ እንደምንም ታርፋለች።

እዚህችው ማረፍ ላይ ነው ነገሩ ያለው። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ሜዳው ኮረት ነበር። ክንዷ የሚያስፈራ አንዲት የክፍላችን ልጅ ነበረች፣ ስትወረውር ግብ ጠባቂዋ ፊቷን ትሸፍናለች። ግን ሁሌ ቀጥ ብላ በእግሯ ነበር የምታርፈው። አንድ ቀን ተንሸራታ ክርኗ ተልጦ ስላየችው መውደቅ አትፈልግም። በኋላ የአውሮፓዎቹን ጨዋታ በስልክ ሳይ አወራወራቸው ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ አወዳደቃቸው ነው። በደረት ይንሸራተታሉ፣ በትከሻ ይንከባለላሉ፣ ወዲያው ተነስተው ወደ መከላከል ይሮጣሉ። ለስላሳ ወለል ላይ ከልጅነት ጀምሮ የተለማመዱት ነዋ።

ወለሉም ቢሆን ጉልበትን ከጉዳት አያድንም። የጉልበት ጅማት መበጠስ የዚህ ስፖርት ትልቁ ጠላት ነው፤ አንዴ ከተበጠሰ ወደ ሜዳ ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ 9 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የተወለደችው ሮማኒያዊቷ ክሪስቲና ኒያጉ ከአንዴም ሁለቴ እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳት ደርሶባታል። እንዲያም ሆኖ በ2010፣ 2015፣ 2016 እና 2018 የዓለም ኮከብ ተጫዋች ተብላለች። በወንድም በሴትም እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ብዙ የለም።

ወደ ሙያው የሚገባው በልጅነት ነው። በክለብ የታዳጊ ቡድን ይጀመራል፣ 18 ዓመት አካባቢ ላይ የመጀመሪያ ውል ይመጣል፣ ብዙዎቹ ትምህርታቸውንም ጎን ለጎን ይቀጥላሉ። በቀኝ ክንፍ የሚፈለገው ግራኝ ነው፣ የመወርወሪያው ማዕዘን ስለሚከፈትለት (ቃሉ እኛ ሀገር ሌላ ታሪክ ቢያስታውስም)። 6 ሜትሩ መስመር ላይ በተከላካዮች መሃል ለምትቆመው የመስመር ተጫዋች ደግሞ ከቁመት ይልቅ መገፋትን መቻል ይቀድማል።

የሴቶች እጅ ኳስ ኦሊምፒክ የገባው በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሞንትሪያል ላይ ነው። ከአፍሪካ አንጎላ ከ1996 ጀምሮ ከኦሊምፒክ ቀርታ አታውቅም፣ አህጉሩንም ለዓመታት ገዝታዋለች። «ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ለሚል ሰው መልሱ አንጎላ ናት።

እኛ ጋ ክንድ ሞልቷል፤ የጎንደር ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ያደገች ልጅ እግርም አይጎድላትም። የጎደለው ጣሪያና ወለል ነው። የአውሮፓ ክለቦች ለአዲሱ የውድድር ዓመት ልምምድ የሚጀምሩት ሐምሌ አካባቢ ነው። ጎንደር ላይ ሐምሌ ማለት ዝናብ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጭቃ ይሆናል፣ መስመሩም ይጠፋል፤ ኳሱም እስከ መስከረም መጋዘን ውስጥ ይቆለፍበታል።