ተፊ ሸረሪት ምንድን ናት?

ያቺ ፎቶ ሰሞኑንም መዞር ጀምራለች። ቢጫ መሳይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ እግረ ቀጭን ሸረሪት። ከስሯ «ተጠንቀቁ፣ መርዝ ትተፋለች፤ አልማዝ ባለጭራ የምታመጣው እሷ ናት» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ጽሑፍ ደጋግሜ አይቼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

አልማዝ ባለጭራን ላንሳውና ልለፍ። የሚያመጣው የጉድፍ ቫይረስ ነው። ጉድፍ የያዘው ሰው ቢድንም ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ይነሳል። ሸረሪት አልሸናችም፣ አልተፋችም። ሕክምናው ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ዓይን አካባቢ ከወጣማ ለነገ የሚባል አይደለም። ሸረሪት ስትረግሙ ይህ ሰዓት እንዳያልፍባችሁ።

ወደ ሸረሪቷ ልምጣ። ፎቶው ላይ ያለችው ተፊ ሸረሪቶች ከሚባሉት፣ ከስኪቶደስ ወገን ናት። ወገኑ ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አፍሪካን ጨምሮ በብዙ ሞቃት አገሮች ይገኛል። በስልክ ፎቶ ብቻ «ይቺ እንትን ናት» ብሎ ዝርያ መጥራት አይቻልም፤ እኔም አልሞክረውም። የምናገረው በደንብ ስለተጠናችው ስለ ስኪቶደስ ቶራሲካ ነው። አውሮፓና አሜሪካ የምትኖሩ፣ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ልታገኟት ትችላላችሁ።

ርዝመቷ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው። ዓይኖቿ ስድስት ናቸው፤ አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት አላቸው። የፊተኛው የሰውነቷ ክፍል ሆዷን ያህል ተነፍቶ ጉብ ብሏል። እዚያ ውስጥ ትልቅ እጢ አለ። የእጢው ፊተኛ ክፍል መርዝ፣ ኋለኛው ሙጫ ያመርታል። ሰው «ምራቅ» የሚለው ይህ ሙጫ ከክር ጋር ሆኖ ሲወጣ ነው። ሥራውም የምታድነውን ዝንብ ማሰር ነው።

የልብስ ስፌት መኪና ዚግዛግ ሲሰፋ አይታችሁ ይሆናል። መርፌው ግራና ቀኝ ይመላለሳል፣ ጨርቁ ወደፊት ይሄዳል፣ ስፌቱ ዚግዛግ ይሆናል። የሸረሪቷም አሠራር ይኸው ነው። መርፌዋ ጥርሷ ነው፤ በሰከንድ ከ278 እስከ 1,781 ጊዜ ይመላለሳል። ጨርቁ፣ ማለትም ዝንቡ፣ ባለበት ነው። በእሱ ፈንታ መንጋጋዋ ከታች ወደ ላይ ይነሳል። መርፌዋ ሁለት ስለሆነ ስፌቱም ሁለት ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የሙጫ ነጠብጣብ ክሩ ላይ የሚገኘው ጥርሱ ከጎን ወደ መሃል ሲሄድ ብቻ ነው። ከመሃል ወደ ጎን ሲመለስ ክሩ ሙጫ የለበትም። ሁሉም ነገር ብዙውን ጊዜ ከ30 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ትፋቱ ሲወጣ በሰከንድ እስከ 28.8 ሜትር ፍጥነት ተለክቶለታል፤ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ስፌቱ ካረፈ በኋላም ላስቲክ እንደገባበት ቀሚስ ይሸበሸባል። በ0.2 ሰከንድ ውስጥ ክሩ ከ40 እስከ 60 በመቶ ያጥራል። ዝንቡ ከግድግዳው ጋር ተሰፍቶ፣ ከዚያ ደግሞ ተጨምድዶ ይቀራል። ይህን ሁሉ በፈጣን ካሜራ ቀርፀው የለኩት ሱተርና ስትራተን የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ጥናታቸው በ2009 ወጣ።

ከፎቶው ስር አንድ አስተያየት ሰጪ «እጢዋ ውስጥ መርዝ ካለ የምትተፋውም መርዝ ነው፣ አለቀ» ብሎ ተከራክሯል። አላለቀም። ክሌመንትስና ሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ጥናት የደቡብ ምሥራቅ እስያዋን ስኪቶደስ ፓሊዳ መረመሩ። ትፋቷ መርዛማ ሆኖ አልተገኘም። የምታድነውን የሚገድለው ንክሻዋ ነው። እርግጥ ያቺ ሌላ ዝርያ ናት፤ የአንዷን ውጤት ለ200ዎቹ ሁሉ መስጠት ልክ አይደለም። ግን «መርዝ ትተፋለች» የሚለው ሰው ይህን ውጤት ሳያነሳ ማለፍ አይችልም።

አደኗን ብታዩ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። የምትወጣው ማታ ነው። ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ሮጣ የምትይዘው ነገር የለም። የዓይኗ ነገር ደካማ ስለሆነ ረጃጅም የፊት እግሮቿን ዘርግታ ትዳስሳለች። አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ሲቀራት ቆማ ትተፋለች። ከዚያ ተጠግታ ትነክሳለች፣ ትመጥጣለች። መንጋጋዋ ትንሽ ነው፤ ለሰው አደገኛ አይደለችም።

«እንደ ተፊ እባብ ዓይን ታጠፋለች» የሚሉም አሉ። ያ እባብ የሚተፋው ራሱን ለመከላከል ነው፣ ወደ ዓይን ያነጣጥራል፣ የሚተፋውም መርዝ ነው። እሷ በዋናነት የምትተፋው ለአደን ነው። ራሷን የምትከላከልበት ጊዜም አለ፤ ጠላቷ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሸረሪት ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ፖርሺያ ላቢያታ የምትባል ዘላይ ሸረሪት ስኪቶደስ ፓሊዳን ታድናለች። ትፋቱን ስለምትፈራ ዞራ ከኋላ ትመጣለች። ሴቷ ስኪቶደስ ግን እንቁላሏን የምትሸከመው በአፏ ነው፤ እንቁላል ከያዘች መትፋት ያስቸግራታል። ፖርሺያም ይህን ትለያለች፤ አፏ ሙሉ ከሆነ መዞሩን ትታ በፊት ለፊት ትመጣባታለች።