በር ላይ የሚቆመው ትራክ፦ የአሜሪካ ሾፌሮችና አድማቸው

የአሜሪካ ትራክ ሾፌሮች አንድ የቆየ ደንብ ነበራቸው። አድማ የመቱ ሠራተኞች በር ላይ ቆመው ካዩ ያን በር አያልፉም። አድማው የእነሱ ባይሆንም ያው ነው። ሾፌሩ መኪናውን ዳር ያስይዝና ሞተሩን ያጠፋል። ለአለቃው ይደውላል፦ «ሰዎቹ በር ላይ ናቸው፣ አልገባም»። ዕቃ ካልገባ ፋብሪካው ይቆማል፣ የሱቁ መደርደሪያም ባዶውን ይቀራል። ስንቱ የሌላ ሠራተኛ አድማ ያሸነፈው በዚህ ሾፌር ጉልበት ነው።

ማኅበራቸው ቲምስተርስ ይባላል። የተመሠረተው በ1903 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ በፈረስ ጋሪ ዕቃ ያመላልሱ ለነበሩ ሰዎች የተሰጠ ነው። ዛሬም አርማው ላይ ሁለት የፈረስ ራሶች አሉ።

የሾፌሮችን ኅብረት ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የ1934ቱን ሚኒያፖሊስ ይይ። ከተማዋ በአሠሪዎች እጅ ነበረች። ሲቲዝንስ አሊያንስ የተባለው የአሠሪዎች ስብስብ ለዓመታት አድማ ሲሰብር ኖሯል። ነገሩ የተጀመረው በፌብሩዋሪ ብርድ፣ በድንጋይ ከሰል አመላላሾች ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ሁሉ ከሰል ይፈልግ ስለነበር አሠሪዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅ ሰጡ። በሜይ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወጡ።

አድመኞቹ አንድ ትልቅ ጋራዥ ተከራይተው ነበር። እዚያው ወጥ ቤት አለ፣ ቁስለኛ የሚታከምበት ክፍል አለ፣ መኪና የሚጠግኑ መካኒኮችም አሉ። ሚስቶችና እህቶች ቀን ከሌት ምግብ ያበስላሉ። ሥራ አጦች እንኳን አድማ ሰባሪ ሆነው ከመግባት ይልቅ ከአድመኞቹ ጎን ቆሙ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን ሾፌሮቹ ለራሳቸው ብቻ አለመጠየቃቸው ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚሸከሙት ሠራተኞችም በማኅበሩ ይወከሉ ብለው ሙጭጭ አሉ። አሠሪዎቹ አጥብቀው የተቃወሙትም ይህንኑ ነበር።

ጁላይ 20 ፖሊስ መሣሪያ ባልያዙ አድመኞች ላይ ተኮሰ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ከ60 በላይ ቆሰሉ። ብዙዎቹ የተመቱት ከጀርባቸው ነው። አገረ ገዢው ከተማዋን በወታደራዊ ሕግ ሥር አደረጋት። በኦገስት መጨረሻ ግን አሠሪዎቹ ፈረሙ። በዓመቱ የወጣው የዋግነር ሕግ ለሠራተኛው የመደራጀት መብት የሰጠው ከዚያ ዓመት አድማዎች በኋላ ነው።

ከዚያ የተገኘውን መብት መልሶ ማጥበቡ መጣ። የ1947ቱ ታፍት ሃርትሊ ሕግ ማኅበራት ከሌላ ድርጅት አድመኞች ጋር ተባብረው ሦስተኛ ወገን ላይ ጫና እንዳያደርጉ ከለከለ። ሾፌሮች በውላቸው ውስጥ «አድማ ያለበትን ዕቃ አንጭንም» የሚል አንቀጽ እያስገቡ ጥቂት ተነፈሱ። በ1959 ያም ተዘጋ። ኅብረት በሕግ ተቆረጠ ማለት ማጋነን አይመስለኝም።

ጥፋቱ ግን የመንግሥት ብቻ አይደለም። የቲምስተርስ ፕሬዚዳንት የነበረው ጂሚ ሆፋ በ1964 ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሾፌሮችን በአንድ አገር አቀፍ ውል ሥር አስገብቷል፣ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ያው ማኅበር ግን በሙስና የተነሳ በ1957 ከአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተባሯል። መዋጮው የወሮበላ ሲሳይ ሲሆን እያየ «ማኅበሬ» ማለት ለማንም ይከብዳል።

በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የጭነት ገበያውን ነፃ የሚያደርግ ሕግ ፈረሙ። አዳዲስ ድርጅቶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ፣ አብዛኞቹም ማኅበር የሌላቸው ናቸው። የማጓጓዣ ዋጋ ወረደ፣ የሾፌሩም ደመወዝ አብሮ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሾፌር «የራስህ አለቃ ሁን» እየተባለ ትራክ ቀስ በቀስ በሚከፈል ክፍያ ይወስዳል። የሳምንቱን ሂሳብ ወረቀት ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ከላይ የሎዱ (የጭነቱ) ገቢ፣ ከሥር ናፍጣ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ የትራኩ ክፍያ። አንዳንድ ሳምንት የመጨረሻው ቁጥር ከዜሮ በታች ነው። በሕግ ደግሞ ይህ ሰው ነጋዴ እንጂ ሠራተኛ አይባልም። ስለዚህ የመደራጀት መብቱ አይጠበቅለትም።

ባለትራኮች አድማ አያውቁም ማለት አይደለም። በ1973 መጨረሻ ናፍጣ ሲወደድ በሬዲዮ ተጠራርተው አውራ ጎዳና ዘግተዋል። በ1974 መጀመሪያ ነገሩ በአንዳንድ ግዛቶች ናሽናል ጋርድ የተባለው የግዛቱ ተጠባባቂ ጦር እስኪወጣ ድረስ ደርሷል። ሲነዱ ባገኟቸው ሾፌሮች ላይ ግን ድንጋይ ተወረወረ፣ ጥይትም ተተኮሰ። ሚኒያፖሊስ ላይ መጋዘን ድረስ የሄደው ኅብረት እዚህ ጎዳናውን መሻገር አቃተው።

ሙያው ራሱም ሰውን ይነጥላል። ክፍያው በማይል ነው። መጋዘን በር ላይ ተራ ሲጠብቅ የሚውል ሾፌር ለዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ምንም አያገኝም። ረጅም ርቀት በሚሠሩ ትልልቅ ድርጅቶች የሾፌር መፈራረቅ በዓመት 90 በመቶ አካባቢ የደረሰባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። ዘንድሮ የተዋወቅከው ባልደረባህ ለከርሞ የለም። ከማን ጋር ታድማለህ?

በ1997 ግን የድሮው ነገር ታየ። ዩፒኤስ የተባለው የጥቅል አመላላሽ ድርጅት 185 ሺህ ሠራተኞች ለ15 ቀናት ሥራ አቆሙ። የሌላ ማኅበር አባል የሆኑት የድርጅቱ አብራሪዎች አውሮፕላኖቹን አላነሱም። ከዋና ዋና ጥያቄዎቹ አንዱ የግማሽ ቀን ሠራተኞች ጉዳይ ነበር፣ 10 ሺህ አዳዲስ የሙሉ ቀን ሥራዎችም ተገኙ።

በ2023 የሎው የተባለው አንጋፋ የጭነት ድርጅት ተዘጋ። 30 ሺህ ያህል ሰው ሥራ አጣ፣ ከነሱ 22 ሺህ ገደማው የቲምስተርስ አባል ነበር። በ2024 በአሜሪካ የማኅበር አባል የሆነው ሠራተኛ 9.9 በመቶ ነው። በ1983 20.1 በመቶ ነበር።

በቲምስተርስ ውሎች ውስጥ የአድመኞችን በር አላልፍም ያለ ሾፌር እንዳይቀጣ የሚያደርግ አንቀጽ ዛሬም አለ። ትራኩን በክፍያ የወሰደው ሾፌር ወረቀት ላይ ግን እንዲህ ያለ መስመር የለም። በሩ ላይ ሰዎች ቆመው ካየ ጭነት የሚመድብለት ዲስፓቸር ይደውልለታል፣ ዓርብ ክፍያ አለበት፣ ሎዱም ካልተራገፈ አይከፈልም።